ማሰርና ማነቅ፤ ከመንዝ ወጌሻ እስከ ቀዶ ሐኪሙ ስቴፕለር

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተቆረጠ ወይም የተሰበረ ሰውነትን መልሶ ለመግጠም ሰዎች በልዩ ልዩ ዘመን የሠሩባቸውን ዘዴዎች በአጭሩ መግለጽ፣ ይልቁንም ስቴፕለር የተባለው የሽቦ መስፊያ መሣሪያ እንዴት እንደ ተፈለሰፈና ሥጋን ሳይጐዳ እንዲሰፋ ለማድረግ ምን ያህል ድካም እንደ ጠየቀ ማሳየት ነው። ስቴፕለር ሲባል አንባቢው በጽሕፈት ቤት ወረቀት የምናያይዝበትን ትንሽ መሣሪያ ያስብ ይሆናል። የቀዶ ሐኪሙም መሣሪያ በመሠረቱ ከዚያ የራቀ አይደለም፤ ዋናው ልዩነት ወረቀት ደም የሌለው፣ ሥጋ ግን ደም ያለው መሆኑ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚናገረውም ስለዚሁ ልዩነት ነው።

የታሪክ ተማሪ ስለ ሐኪም መሣሪያ መጻፉ፣ ይልቁንም የመንዝ ተወላጅ ሆኖ በቡዳፔስት ስለ ተሠራ መኪና መጻፉ ለአንዳንዱ እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ምክንያቱን ቀጥሎ ባለው ክፍል እገልጻለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

1ኛ፤ የመንዝ ወጌሻ

መንዝ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ደጋ አገር ሲሆን ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። መሐል ሜዳ በጌራ ምድር የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። አገሩ ብርዳም ነው፤ ገብስና ባቄላ ይበቅልበታል፤ የገበሬውም ሀብት በጉ ነው። ከበጉ ጠጕር ባናና ዝተት ይሠራል፤ ከጓሳውም ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድም ይገመዳል። እንግዲህ የመንዝ ሰው መፍተልን፣ መግመድንና ማሰርን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ አገር፣ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ፣ ለውልቃት፣ ለወለምታና ለስብራት የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወጌሻ የወለቀውን ይመልሳል፤ የታመመውን በቅቤ ያሻል፤ የተሰበረውን አቃንቶ በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ስንጥር ደግፎ ያስራል። ሐኪም ቤት በሌለበት ዘመን ይህ ሰው ባይኖር ኖሮ ስንቱ ገበሬ ጠማማ እግሩን እየጐተተ በኖረ ነበር።

እኔ የስምንት ዓመት ልጅ በነበርሁበት ጊዜ የአጎቴ ልጅ ከባሕር ዛፍ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻም ተጠርቶ መጣና ክንዱን አቃንቶ፣ በስንጥር ደግፎ፣ በጨርቅ አጥብቆ አሰረው። ልጁ ያን ሌሊት ሲያለቅስ አደረ። ሽማግሌዎችም «አጥንቱ ሲገጥም ነው፤ ታገሥ» አሉት። በማግሥቱም አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን ግን ልቅሶውን ተወ፤ እኛም ተሻለው ብለን ደስ አለን። ነገር ግን ልቅሶውን የተወው እጁ ሕመም መስማት ስላቆመ ነበር። ጣቶቹ ጠቍረው፣ ሽታም መጥቶ፣ በበቅሎና በመኪና ወደ ሐኪም ቤት በተወሰደ ጊዜ ክንዱ ከክርኑ በታች ተቆረጠ። ሐኪሙ ለአጎቴ የነገረው ቃል በቤታችን እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ይኸውም ስብራቱ ቀላል እንደ ነበረና እጁን ያጠፋው ማሰሪያው መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተሰበረ ክንድ ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አይለጠጥም። ስለዚህ እብጠቱ ወደ ውጭ መሄጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል። በመጀመሪያ ደምን ወደ ልብ የሚመልሱት ስስ የደም ሥሮች ይዘጋሉ፤ ደም መግባት እንጂ መውጣት ስለማይችል እብጠቱ ይብሳል፤ በመጨረሻም የሚገባውም ደም ይቆማል። ደም ያላገኘ ሥጋ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ መሞት ይጀምራል። በኢትዮጵያ ሐኪም ቤቶች የሠሩ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ጉዳት ደጋግመው ጽፈዋል፤ እጅ ወይም እግር ካጡትም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው።

ይሁን እንጂ ወጌሻ ሁሉ እንዲህ ነው ማለት ትልቅ ስሕተት ይሆናል። በዚያው በእኛ አካባቢ ሌላ ሽማግሌ ወጌሻ ነበሩ። እኒህ ሰው ካሰሩ በኋላ የልጁን ጥፍር በጣታቸው ተጭነው ይለቅቁና ነጭ የሆነው ጥፍር ቶሎ መቅላቱን ያያሉ። ጠዋትና ማታም ተመልሰው እየመጡ ጣቱን ይዳስሱታል፤ ከቀዘቀዘ ማሰሪያውን ያላላሉ። ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር፤ ነገር ግን የሚያስሩት ነገር ሕይወት ያለው መሆኑን ያውቁ ነበር። የሁለቱን ወጌሾች ልዩነት ሳስብ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። የሚያስር ሰው ምን ያህል ማጥበቅ እንደሚገባው በምን ያውቃል? ከዚህ በታች የሚተረከው ታሪክ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

2ኛ፤ ጥንታውያን ዘዴዎች

ቁስልን በክርና በመርፌ መስፋት እጅግ የቆየ ጥበብ ነው። ከክርም ሌላ ሰዎች የተለያየ ነገር ሞክረዋል። በሕንድ አገር በሱሽሩታ ስም የሚታወቀው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ የተበሳን አንጀት በትልልቅ ጥቁር ጕንዳኖች መግጠም እንደሚቻል ይናገራል። ጕንዳኑ ሁለቱን የቁስል ከንፈሮች ገጥሞ ሲነክስ ገላው ይቆረጣል፤ ራሱ ግን ነክሶ እንደ ያዘ ይቀራል። ይህ ዘዴ ለዘመናችን ሰው አስቂኝ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በደንብ ብናስተውለው የስቴፕለር አሳብ በሙሉ በውስጡ አለ፤ ማለትም ክር ሳይቋጠር፣ እያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው፣ በሁለት ጥርስ መያያዙ ነው።

ወደ አገራችን ቀረብ ያለ ሌላ ምሳሌ አለ። በ1879 ፌልኪን የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ ዛሬ ኡጋንዳ በምትባለው አገር፣ በቡንዮሮ፣ አንድ ባለ መድኃኒት የምጥ ታማሚ ሆድ ቀዶ ልጅዋን ሲያወጣ አይቶ በ1884 በኤዲንበርግ የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈ። እንደ ጽሑፉ ቁስሉ የተገጠመው ተወልውለው በለሰለሱ ሰባት ቀጫጭን የብረት ወስፌዎች ሲሆን፣ ብረቶቹ ከቁስሉ አንድ ወገን ወደ ሌላው ከተሰኩ በኋላ ከዛፍ ልጥ በተሠራ ገመድ ተያይዘዋል። ብረቶቹም የወጡት በአንድ ጊዜ አይደለም፤ አንዱ በሦስተኛው ቀን፣ ሦስቱ በአምስተኛው፣ የቀሩትም በስድስተኛው ቀን ነው። ባለ መድኃኒቱ ሥጋው ራሱን መያዝ ሲጀምር ማሰሪያውን በየጥቂቱ ይቀንስለት ነበር ማለት ነው። እናትም ልጅም ድነዋል።

ስለ ክሩም ጥቂት ልናገር። የአውሮፓ ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ሲሰፉበት የኖሩት ካትጋት የተባለው ክር ከበግ አንጀት የተሠራ ነው። የእኛም የበገና አውታር ከበግ አንጀት መሠራቱን አንባቢ ያውቃል። ስለዚህ የበግ አገር ለሆነው ለመንዝ ሰው የቀዶ ሐኪሙ ክር ባዕድ ነገር አይደለም። የዚህ ክር ጥቅም ሰውነት በጊዜው ቀስ በቀስ አሟሙቶ የሚያጠፋው መሆኑ ነው። ጉዳቱ ግን ንጹሕ ሳይሆን ከቀረ ቁስሉን ይመርዘው ነበር። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር በ1860ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ክሩን በካርቦሊክ አሲድ እየነከረ ይህን ችግር ለማሸነፍ ጣረ።

3ኛ፤ ዘመናዊ ቀዶ ሕክምና በኢትዮጵያ

በአገራችን የዘመናዊ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ከዓድዋ ጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድሉ ከተገኘ በኋላ በዚያው ወራት የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ለማከም ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በ1898 የሩሲያ ሐኪም ቤት በአዲስ አበባ ተከፍቶ እስከ 1906 ሠራ። በ1910 ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። ከኢትዮጵያውያን ወገን በመቅደላ በ1868 ሕፃን ሳሉ በእንግሊዞች የተወሰዱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በሕንድና በስኮትላንድ ተምረው በመመለስ ቀዳሚው ዘመናዊ ሐኪም ሆኑ። ከእርሳቸው ብዙ ዘመን በኋላ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ (1928-1999) በኤዲንበርግ የቀዶ ሐኪምነትን ማዕርግ አግኝተው ተመለሱ፤ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ሲቋቋምም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ።

በደጋው አገር የቀዶ ሐኪም ከሚያጋጥሙት ከባድ ሥራዎች አንዱ የአንጀት መቋጠር ነው። የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል ረዝሞና ተንዘርግጎ ሲገኝ በራሱ ላይ ይጠመዘዛል። ይህ በሽታ በኢትዮጵያ ለአንጀት መዘጋት ዋና ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ሲሆን ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን ያጠቃል። በሽተኛው ሆዱ ይነፋል፤ ዓይነ ምድርም አየርም ይከለከላል። የከፋው ነገር ግን መዘጋቱ አይደለም። አንጀቱ ሲጠመዘዝ ደም የሚያመጡለትን ሥሮች አብሮ ስለሚጠመዝዝ ራሱን በራሱ ያንቃል። በጊዜ ከተደረሰበት ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል ቱቦ አስገብቶ ሊፈታው ይችላል፤ ከጠቈረ ግን የሞተው ክፍል መቆረጥ አለበት። ከዚያ በኋላ የቀሩት ሁለት ጫፎች ወይ በዚያው ይገጠማሉ፣ ወይ አንደኛው ጫፍ ለጊዜው በሆድ ቆዳ ላይ ይከፈታል።

እንግዲህ የአጎቴን ልጅ ክንድ ያጠፋው ነገርና የገበሬውን አንጀት የሚያጠፋው ነገር አንድ ነው። የሐኪሙም ፈተና ሁለት ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያ የታነቀውን ይፈታል ወይም ይቆርጣል፤ ቀጥሎ የቀረውን ሲገጥም ራሱ እንዳያንቀው ይጠነቀቃል።

4ኛ፤ አንጀትን በእጅ ስለ መስፋት

አንጀትን መግጠም ቆዳን እንደ መስፋት አይደለም። ቆዳ ትንሽ ቢከፈት ይመግላል እንጂ አይገድልም፤ አንጀት ግን በመርፌ ቀዳዳ ያህል ቢያፈስ በውስጡ ያለው ርኵሰት ወደ ሆድ ዕቃ ይገባል። ከዚህም የተነሣ እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ የሆድ ዕቃን መክፈት ብዙ ሐኪሞች የሚፈሩት ነገር ነበር።

በ1826 ፈረንሳዊው ሌምበር የአንጀት ውጫዊ ሽፋን ከውጫዊ ሽፋን ጋር ሲገናኝ ቶሎ እንደሚጣበቅ አስረዳ። በ1887 ደግሞ አሜሪካዊው ሃልስቴድ በውሾች ላይ ባደረገው ጥናት የአንጀት ጥንካሬ ያለው ከውስጠኛው ሽፋን ሥር በሚገኘው ስስ ነገር ግን ጽኑ በሆነው ንብር ውስጥ መሆኑን አሳየ። መርፌው ያንን ንብር ካልያዘ ስፌቱ አይጸናም። በዚህ ዓይነት ሐኪሞች ሁለት ነገር ተማሩ፤ መጀመሪያ የትኛውን ንብር መያዝ እንደሚገባ፣ ሁለተኛም ክሩ ሲቋጠር ከንፈሮቹን ማገናኘት እንጂ መጨፍለቅ እንደማይገባው።

ይህ ሁለተኛው ትምህርት በቃል ለመናገር ቀላል ነው፤ ለእጅ ለማስተማር ግን አስቸጋሪ ነው። የአንዱ ሐኪም ቋጠሮ ይላላል፤ የሌላው ይጠብቃል፤ የአንዱም ሰው እጅ በማለዳና በሌሊት አንድ አይደለም። ሁልጊዜ እኩል የሚያስር መሣሪያ ለመሥራት የተነሡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

5ኛ፤ የመስፊያ መኪና ታሪክ

የመጀመሪያውን የታወቀ የቀዶ ሕክምና ስቴፕለር የሠሩት በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ሐኪሙ ሁሜር ሁልትልና መሣሪያ ሠሪው ቪክቶር ፊሸር ናቸው። ዘመኑ 1908 ሲሆን መጀመሪያ የተሠራበት ለጨጓራ ቀዶ ሕክምና ነው። ሁልትል ያሰበው ጨጓራውን ከመቁረጡ በፊት በሁለቱም ወገን በመስፋት በውስጡ ያለው ነገር እንዳይፈስ መከልከል ነበር። መሣሪያው ቀጭን የብረት ሽቦዎችን በአራት ረድፍ ይተክላል፤ ሐኪሙም በመካከል ሲቆርጥ በየወገኑ ሁለት ሁለት ረድፍ ይቀራል። አሳቡ እጅግ የተራቀቀ ነበር፤ መኪናው ግን 3.6 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር፤ ለመገጣጠምና ለማዘጋጀትም ሁለት ሰዓት ይፈጅ ነበር።

በ1920ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ሌላው ሃንጋሪያዊ ሐኪም አላዳር ፔትስ ከዚህ እጅግ የቀለለና ለመሥራት የቀና መሣሪያ አወጣ። ይህ በየወገኑ አንድ አንድ ረድፍ የሚተክል ሲሆን በብዙ የአውሮፓ ሐኪም ቤቶች ተሠራበት። በ1934 በጀርመን አገር በኡልም ከተማ ፍሪድሪክ የተባለ ሐኪም ሽቦዎቹን አስቀድሞ በተሞላና በሚለወጥ ቤት ውስጥ አደረጋቸው፤ ጥይት በካዝና ተሞልቶ ወደ ጠመንጃ እንደሚገባ ማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራው ወደ ሶቪየት ኅብረት ተሻገረ። የዚያ አገር መንግሥት ቍጥራቸው ጥቂት የሆነ ሐኪሞች በሰፊ ምድር ተበትነው ሲሠሩ አይቶ፣ የጎበዝ ሐኪምን እጅ በመሣሪያ ለመተካት አሰበ። በ1951 በሞስኮ ለዚሁ የተለየ የምርምር ተቋም ተከፈተ፤ መሐንዲሶችና ሐኪሞችም አብረው ለደም ሥር፣ ለሳንባ፣ ለጨጓራና ለአንጀት ልዩ ልዩ መስፊያዎችን ሠሩ። በዚህ ጊዜ ሩሲያውያን ሐኪሞች በአዲስ አበባም እንደ ነበሩ ማስታወስ ይገባል፤ በኋላ በደጃዝማች ባልቻ ስም የተጠራው የሶቪየት ቀይ መስቀል ሆስፒታል የተመሠረተው በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። በሰፊ ምድር ላይ የተበተኑ ጥቂት ሐኪሞች የሚለው ችግር የሩሲያ ብቻ ሳይሆን የእኛም ችግር ነበር።

በ1958 አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ማርክ ራቪች ሶቪየት ኅብረትን ሲጐበኝ በኪየቭ ከተማ የሳንባ ቧንቧ በስቴፕለር ሲዘጋ አይቶ ተደነቀ፤ አንዱንም መሣሪያ ገዝቶ ወደ አገሩ ይዞ ሄደ። የሩሲያው መሣሪያ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ሽቦው አንድ በአንድ በእጅ መሞላት ነበረበት። ራቪችና ባልደረባው ፌሊሲያን ስታይከን በሙከራ ሥራው ሲደክሙ፣ ሊዮን ሂርሽ የተባለ ነጋዴ በ1964 ኩባንያ አቋቁሞ አስቀድሞ የተሞላና ከአንድ ጊዜ ሥራ በኋላ የሚጣል የሽቦ ቤት ለገበያ አቀረበ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ስቴፕለር በዓለም ተሰራጨ።

6ኛ፤ ሥጋን እንዳይጐዳ የተደረገ ጥንቃቄ

ከላይ የተነገረው ስለ መኪናው ነው። አሁን ስለ ሥጋው እንናገር፤ ምክንያቱም የመሣሪያው ሠሪዎች ከሁሉ በላይ የደከሙት በዚህ ነው።

በመጀመሪያ የሽቦውን ቅርጽ እንመልከት። ሽቦው በቤቱ ውስጥ ሳለ ‹በ› የተባለውን ፊደላችንን ይመስላል፤ ሁለት እግርና አንድ ራስ አለው። መሣሪያው ሲገፋው እግሮቹ ሥጋውን በስተው በሌላው ወገን ካለው የብረት መስክ ጋር ይጋጠማሉ። መስኩ ጕድጓድ ስላለው እግሮቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ይመለሱና ሽቦው የላቲኑን ቢ ፊደል ቅርጽ ይይዛል። የወረቀቱ ሽቦ እግሩን ጠፍጣፋ አድርጎ ይጫናል፤ ይህኛው ግን ሁለት ክፍት ዓይኖች ይተዋል። በእነዚያ ዓይኖች ውስጥ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ሳይዘጉ ያልፋሉ፤ ከተቆረጠው ጠርዝ እስከ ስፌቱ ያለው ሥጋም ደም እያገኘ ይድናል። ይህ ቅርጽ ከሁልትል ጀምሮ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የረድፎቹ አቀማመጥ ነው። የአንዱ ረድፍ ሽቦ ከሌላው ረድፍ ክፍተት ፊት ለፊት ይውላል፤ የጡብ ግንብ መጋጠሚያ ከላይ እስከ ታች በአንድ መሥመር እንዳይውል ግንበኛው እያፈራረቀ እንደሚደረድር ነው። በዚህ ምክንያት ፈሳሽ ቀጥ ብሎ መውጫ ያጣል፤ ደም ግን ዞሮ ዞሮ መግቢያ ያገኛል።

ሦስተኛው የሽቦው ቁመት ነው። ሽቦው ከታጠፈ በኋላ የሚቀረው ቁመት ለስስ ሥጋና ለደም ሥር 1 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ለአንጀት 1.5፣ ወፍራም ለሆነው የጨጓራ ክፍል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሠሪዎቹ የሽቦ ቤቶቹን ነጭ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም እየቀቡ ለዩአቸው። በወፍራም ሥጋ ላይ አጭሩ ሽቦ ቢተከል ሥጋው ይታነቃል፤ ወይም ሽቦው ሳይታጠፍ ይቀራል። በስስ ሥጋ ላይ ረጅሙ ቢተከል ደግሞ ይላላና ይደማል፣ ያፈሳልም። እንግዲህ መኪናው ሁሉን እኩል ያስራል የሚለው ተስፋ ግማሽ እውነት ሆኖ ተገኘ። መኪናው በእርግጥ እኩል ያስራል፤ ሥጋው ግን እኩል አይደለም። ያበጠ አንጀት ካላበጠው ይወፍራል፤ ተቋጥሮ የከረመው የደጋው ገበሬ አንጀትም ከጤነኛው አንጀት ልዩ ነው።

አራተኛው ትዕግሥት ነው። ሥጋ እንደ ረጠበ ባና ውስጡ ውሃ አለበት። በመሣሪያው መንጋጋ ሲያዝ ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ጐን ይሸሻል፤ ሥጋውም ይሳሳል። ሐኪሙ ቸኩሎ ቢተኵስ ውሃው መሸሻ ስለሚያጣ ሥጋው ይቀደዳል። ስለዚህ መንጋጋውን ዘግቶ 15 ሰከንድ ያህል መታገሥ ይመከራል። የረጠበ ባና የጨመቀች የመንዝ ሴት ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልጋትም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም አደጋው አልጠፋም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2019 በገለጸው መሠረት ከ2011 እስከ መጋቢት 2018 ስለ ስቴፕለርና ስለ ሽቦዎቹ ከ41,000 በላይ ሪፖርቶች ደርሰውታል፤ ከእነዚህም 366ቱ የሞት፣ ከ9,000 በላይ የሚሆኑት የከባድ ጉዳት፣ የቀሩት የመሣሪያ ብልሽት ሪፖርቶች ናቸው። ሪፖርት ሁሉ መሣሪያው ጥፋተኛ መሆኑን አያረጋግጥም። ቢሆንም አስተዳደሩ በ2021 በሰውነት ውስጥ የሚሠራበትን ስቴፕለር ከዝቅተኛው የቍጥጥር ደረጃ አውጥቶ ጠበቅ ወዳለው ደረጃ አዛወረው። መሣሪያው ከተፈለሰፈ ከመቶ ዓመት በኋላም እንኳ ምን ያህል ይጥበቅ የሚለው ጥያቄ ፈጽሞ አልተዘጋም።

7ኛ፤ ሥጋን ከግፊት ስለ መጠበቅ፤ የፊስቱላው ትምህርት

የሽቦው ሠሪዎች በመኪና የተማሩትን ሕግ አገራችን በሌላ መንገድ፣ በእናቶች ሥቃይ ተምራዋለች። ምጥ ለቀናት ሲቆይ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ፊኛ ከዳሌዋ አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫናል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ከቀናት በኋላ ይወድቃል፤ በቦታውም ቀዳዳ ይቀራል፤ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ይህ ፊስቱላ ነው። በዚህም የገደለው ስለት አይደለም፤ ግፊት ነው።

በ1959 ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የመጡት ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እነዚህን ሴቶች በማከም ዕድሜያቸውን ፈጸሙ። በ1970ዎቹ አጋማሽም የፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ፤ በዚያም ሥራ ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል። የሕክምናው ዋና ሥርዓት ከላይ ከተናገርነው ጋር አንድ ነው፤ የሞተው ሥጋ ከሕያው እስኪለይ መታገሥ፣ የጠባሳውን ሥጋ ማላቀቅ፣ ከዚያም ክሩ ሳይወጠር ሕያውን ከሕያው ጋር መግጠም ነው።

ከታካሚዎቹ አንዷ ማሚቱ ጋሼ ናት። በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ለሕክምና መጥታ በሆስፒታሉ ቀረች፤ በትምህርት ቤት ሳትማር ሐኪሞቹን እያገለገለችና እያየች ቀዶ ሕክምናውን ተማረች። በ1989 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሃምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳይ ሸለማት፤ ሌሎች ሐኪሞችንም አሠልጥናለች። የሶቪየት መሐንዲሶች የጎበዝ ሐኪምን እጅ በመኪና ለመተካት ደከሙ፤ በአዲስ አበባ ግን ያልተማረች የገበሬ ልጅ ራስዋ የጎበዝ ሐኪም እጅ ሆነች። ሁለቱም መንገዶች እውነተኞች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

8ኛ፤ መደምደሚያ

በኢትዮጵያ በብዙ ሐኪም ቤቶች አንጀት የሚገጠመው እስከ ዛሬ በእጅ ስፌት ነው፤ አንድ ጊዜ ተሠርቶበት የሚጣለው የሽቦ ቤት ዋጋው ውድ ነውና። ይህ ግን የሚያሳፍር አይደለም። የእጅንና የሽቦን ስፌት ያነጻጸሩ ጥናቶች ትንሹን አንጀት ከትልቁ በመግጠም ሥራ ላይ ስቴፕለር ማፍሰስን እንደሚቀንስ፣ የትልቁን አንጀት የታችኛ ክፍል በመግጠም ግን ይህን ያህል ብልጫ እንደሌለው አሳይተዋል። በሚገባ የተማረ እጅ ካልተማረ መኪና ይሻላል፤ በሚገባ የተመረጠ መኪናም ከደከመ እጅ ይሻላል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ልናተርፍ እንችላለን። አንደኛ፣ መሣሪያ ሲገዛ ሐኪሙ የሚያክመው ሕዝብ ሥጋ መታወቅ አለበት። የሽቦው ቁመት የተለካው በሌላ አገር ነው፤ የደጋው ሰው የረዘመና የተነፋ አንጀት ውፍረት ግን በአገራችን ሊለካ የሚገባው ነገር ነው። ይህም ለሕክምና ተማሪዎቻችን የሚበቃ የምርምር ርእስ ይመስለኛል። ሁለተኛ፣ የስፌት ትምህርት ስቴፕለር መጣ ተብሎ መተው የለበትም፤ መኪናው በሌሊት ቢበላሽ ወይም ሽቦው ቢያልቅ የሚቀረው እጅ ነውና።

ሦስተኛው ወጌሻውን ይመለከታል። ዛሬ በመሐል ሜዳ ሆስፒታል አለ፤ ነገር ግን ክንዱ የተሰበረ ልጅ ዛሬም ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚደርሰው ከወጌሻ እጅ ነው። ወጌሻውን በመስደብና በመክሰስ ማስቀረት አይቻልም፤ ማስቀረትም አይገባም። የሚገባው ነገር ያ ሽማግሌ ወጌሻ ያደርጉት የነበረውን ለሁሉ ማስተማር ነው፤ ጥፍሩን መጫን፣ ጣቱን መዳሰስ፣ ጠዋትና ማታ ተመልሶ ማየት፣ ልጁ ሲያለቅስ «ታገሥ» ከማለት ይልቅ ማሰሪያውን መፍታት። ይህ ትምህርት የሽቦ ቤት ያህል እንኳ ወጪ የለውም።

ሁልትል በቡዳፔስት ሽቦውን በሁለት ዓይን ሲያጥፈው፣ የቡንዮሮው ባለ መድኃኒት ወስፌውን በየቀኑ ሲቀንስ፣ ሽማግሌው ወጌሻ በመንዝ የልጁን ጥፍር ተጭነው ሲያዩ፣ ሦስቱም ሳይተዋወቁ የሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ አስረዋል፣ አላነቁም። የአጎቴ ልጅ ዛሬ ባለ ትዳር ነው፤ በአንድ እጁ እርፍ ይዞ ያርሳል፤ በሬውን ለመጥመድ ግን ሁልጊዜ ሰው ይለምናል። ይህን አጭር ጥናት ስጽፍ በፊቴ የነበረው እርሱ ነው። የጐደለውን እንዲሞሉልኝ፣ የተሳሳተውንም እንዲያርሙልኝ መምህራኖቼንና ጓደኞቼን በትሕትና እለምናለሁ።